የትናንት ሩዝ

ለእኔና ለባሌ ለጂያሚንግ የአሳማ ሥጋ ጥብስ በሩዝ ስሠራ ሁሌም በትናንት ሩዝ ነው። አማቴ፣ የጂያሚንግ እናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታይናን ከተማ ሲመጡ ግን፣ ያደረ ምግብ ማቅረብ ነውር መሰለኝና ትኩስ ሩዝ ቀቀልኩ። ሞኝነቴ! ግማሹን ሥጋ ጠብሼ ሩዙን ብጨምርበት መጥበሻው ላይ ገንፎ ሆነብኝ።

ጂያሚንግ ብቅ ብሎ አየና፣ "ምነው፣ ግድግዳ ልትመርጊ ነው?" ብሎ እየሳቀ ወጣ። በጭልፋው አናቱን ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ወዲያው አማቴ ገቡ። መጥበሻውን አዩ፤ እኔንም አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው ምሳ ዕቃ አውጥተው ከፈቱልኝ፤ ቀዝቅዞ ፍሬ በፍሬ የሆነ የትናንት ሩዝ ሞልቶበታል።

"እማማ፣ እንዴት አወቁ?"

"እኔም ለአማቴ ትኩስ ቀቅዬላቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወሩብኝ ኖሩ። በይ ቶሎ በይ፣ የቀረውን ሥጋ በሌላ መጥበሻ ጣጂው!"

እፎይ አልኩ። እራት ሲቀርብ ጂያሚንግ ሳህኑን አየና፣ "ያ ገንፎ የት ገባ?" አለ።

አማቴ የመጨረሻዋን ጉርሻ ከመጀመሪያው መጥበሻ ዋጥ አድርገው፣ "የምን ገንፎ?" አሉ።