የሻለቃ ማርጎ አንገት

ሻለቃ ማርጎ ስትራመድ ዓይኗን ከወለሉ አትነቅልም። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ መራመድ የምታለማምዳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሩሐማ መጀመሪያ ፍርሃት መስሏት ነበር። ግን የፈራ ሰው እርምጃው ያጥራል፤ የማርጎ እርምጃ ረጅም ነው። የሚደፋው አንገቷ ብቻ ነው፤ እሱ ሲደፋ ሚዛኗን ትስታለች።

ዓርብ ፈተና አለባት። ኮሪደሩን ያለ ድጋፍ ካልጨረሰች፣ ቴክሳስ ውስጥ ሳክሲ በምትባል ከተማ ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤቷ አትመለስም፤ የወንድሟ ልጅ ፎርት ዎርዝ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ይዞላታል።

ማርጎ በወጣትነቷ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን የሜዳ ሆኪ ትጫወት እንደነበር ስታወራ፣ ሩሐማ ምክንያቱን ያገኘች መሰላት።

«ኳሱን ማየት ለምዶብዎት ነው አይደል?»

ማርጎ ሳቀች። አሠልጣኛቸው አቀርቅራ የምትጫወተውን ሁሉ ከሜዳ ታስወጣ ነበር። ኳሱን ዱላው ያውቀዋል፤ ዓይን የሚፈልገው ጓደኛን ነው። ማርጎ መሬት መሬቱን ማየት የተማረችው ኢራቅ ጦርነት ላይ፣ የጦሩን የጭነት መኪኖች ስትመራ ነው።

«አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ የተጣለ ቆርቆሮ» አለች። «ፈንጂ የሚቀበረው እዚያ ሥር ነው። አንድ ቀን ሳላይ አለፍኩ። ሾፌሬ ሞተ።»

በማግስቱ ሩሐማ የወንድሟን የናሆምን የገና ዱላና አንድ የቴኒስ ኳስ ይዛ መጣች። ማርጎ ዱላውን አገላብጣ አየችው።

«ጠፍጣፋው ጎኑ የት አለ? በሆኪ በሌላው ጎን መምታት ክልክል ነው።»

«የለውም። በፈለጉት ጎን ይመታሉ።»

«ዳኛው ታዲያ ምን ይሠራል?»

«በገና ጨዋታ ዳኛን ብዙ የሚሰማው የለም።»

ሩሐማ ራቅ ብላ ቆመችና ኳሱን እንድታቀብላት ጠየቀቻት። ማርጎ ግራ እጇን ከላይ፣ ቀኙን ከታች አድርጋ ዱላውን ያዘች። ኳሱን እየገፋች ስትመጣ አንገቷ ቀና አለ።

ዓርብ ዱላ አልተፈቀደም። ማርጎ ሁለት ባዶ ጭብጦቿን ግራውን ከላይ አድርጋ ዘረጋችና ተነሣች። ፈታኙ ምን እንደያዘች ሊጠይቅ ፈልጎ ተወው። ኮሪደሩ መሐል ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ ሰው የጣለው የወረቀት ኩባያ ነበር። ዓይኗ እዚያ ወረደ፤ እርምጃዋም ተገታ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቆመችው ሩሐማ ኳስ እንደሚጠብቅ ተጫዋች ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰች።

ማርጎ ቀና ብላ ፈለገቻት። ከዚያ እሷን እያየች እስከ መጨረሻው መጣች።

«ኩባያውን አይቼዋለሁ» አለች ደርሳ፣ ትንፋሽ እያጠራት። «አንድ ሰው ያንሳው።»