ጭነት የያዘ ጎማ

ገበየሁ በአሥራ ስድስት ዓመት የሾፌርነት ዕድሜው ተኝቶ ለመታመም ጊዜ ያገኘው አድማው ከተመታ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ወባ ሲይዘው መሪ ጨብጦ ነበር የሚንቀጠቀጠው። የጭነት ድርጅቱ ለሾፌር የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ጤና ብቻ ነው ይል ነበር፤ የሚነዳና የሞተ። ሚስቱ ብዙወርቅም ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች፤ የሳቀችው ግን ቀጄላ እስኪሞት ድረስ ነው።

ቀጄላ የገበየሁ የሥራ ጓደኛ ነበር። ነሐሴ ላይ ትኩሳት ይዞት ልረፍ ቢል፣ አዲሱ ክልል ቢሮዎቹን የሚሠራበት ሲሚንቶ በቀኑ አሶሳ ካልገባ ከሥራህ ትባረራለህ ተባለ። ምን ያድርግ፣ ነዳ። ዳቡስ ወንዝ ሳይደርስ ቁልቁለቱ ላይ ከነተሳቢው ገደል ገባ። ድርጅቱ ስለ አደጋው ባወጣው ደብዳቤ መኪናው ሁለት ገጽ ሲደርሰው ሰውየው አንድ መስመር ደረሰው።

ያኔ ነው አሥራ አንድ ሾፌሮች ሲሚንቶ እንደጫኑ መጥተው የብዙወርቅ ምግብ ቤት በር ላይ የቆሙት። ጥያቄያቸው አንዲት ነበረች፤ ወባ የያዘው ሰው ሦስት ቀን ይተኛ። ሌላ ምንም አላሉም። ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ጭነት የያዘ ጎማ አንድ ክንድ እንዳይንቀሳቀስ ተማማሉ። የመሐላውን ቃል ያወጣው ገበየሁ ራሱ ነው። ቁልፎቹንም ሰብስበው ለብዙወርቅ ሰጧት፤ ከመካከላቸው አንዱ ልቡ ቢከዳው እንኳ ከሷ እጅ መውሰድ እንደሚያሳፍረው ያውቃሉ። እሷም በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ከአልጋዋ ሥር አኖረችው።

ምግብ ቤቱ ያለባት መንደር ከባምባሲ ወደ አሶሳ መውጫ ላይ ናት። ደርግ ነዋሪዎቿን ከወሎ አምጥቶ ሲያሰፍር ቁጥር ሰጥቷት ነበር፤ ስም ላውጣላት ያለ ግን አልተገኘም። ይህች ስም የለሽ መንደር ስምንት ቀን ሙሉ አድመኞቹን አበላች። ሰፋሪው በቆሎ አመጣ፣ የአገሬው ተወላጆች የሆኑት የበርታ ጎረቤቶች የማሽላ ገንፎ በትልልቅ ሳህን አመጡ። ብዙወርቅ እንደዚያ ሳምንት ሰው የወደደችበት ጊዜ የለም።

በስድስተኛው ቀን ገበየሁን ትኩሳት ጀመረው። ሾፌሮቹ አሾፉበት፤ ገና ሳይፈቀድልህ ሦስት ቀንህን ጀመርክ አሉት። እሱም ሳቀ። የመንደሩ ጤና ረዳት ሸዋሉል ያላትን ክኒን ሰጠችው፤ ክኒኑ ግን አልያዘለትም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት የድርጅቱ ኃላፊ በፒክአፕ መጣ። ገበየሁን በር ላይ ፍራሽ ላይ ተኝቶ አየውና ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ዳሰሰው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ብዙወርቅን ኋላ ያናደዳት ይኸው ነው። ቁልፎቹን ትስጠውና በራሱ መኪና አሁኑኑ አሶሳ ሆስፒታል ያደርስላታል። ይህን ያለው በለሆሳስ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው ሆኖ ነው። እሷ ዞራ ባሏን አየች።

«እንዳትሰጪው፣ ብዙዬ» አላት ገበየሁ። «ከሰጠሽው ቀጄላ በከንቱ ሞተ ማለት ነው።»

ፒክአፑ ሄደ። አሶሳ የሚሄደው አንድ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ አልፏል። አራት ሰዓት ላይ ገበየሁ ከሞተው ከቀጄላ ጋር ማውራት ጀመረ፤ ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዝ ይለዋል። ብዙወርቅን ማን እንደሆነች አላወቃትም። ሸዋሉል ዓይኑን ገልጣ አየችና ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፣ መርፌው ያለው አሶሳ ነው፣ አሁኑኑ ይሂድ፣ ቆይቶ አይሆንም አለች።

ብዙወርቅ ሮጣ ገብታ ከቆርቆሮው የባሏን መኪና ቁልፍ አወጣች። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ነበር። ቁልፉን ለኢዘዲን ዘረጋችለት። ኢዘዲን የአሶሳ በርታ ነው፤ ከሾፌሮቹ መካከል ከገበየሁ ቀጥሎ ቃሉ የሚሰማው እሱ ነበር። ቁልፉን ተቀበለና መኪናውን አየ፤ ሁለት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጀርባው ላይ ተከምሯል። ጭነት ይዞ አሶሳ ከገባ ድርጅቱ አድማው ፈረሰ ብሎ ያስወራል፤ ነገ ሌላው ሾፌር ይነሳል፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም። ደግሞስ መሐላው።

«እትዬ፣ እናራግፍ» አላት። «ባዶ መኪና ጭነት አይደለም፣ ሰው ማሳከሚያ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ። ወላሂ አንድ ሰዓት።»

ይሂድ በቃ፣ ከነጭነቱ ይሂድ ልትል አፏን ከፈተች። ገበየሁ ጠዋት ያለው ታወሳትና መልሳ ዘጋችው። ዕድሜ ልኳን የምትረግማት ያቺን ቅጽበት ነው።

ተሳቢውን ፈቱና ማራገፍ ጀመሩ። መንደሩ በሙሉ ወጣ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ የበርታ ጎረቤቱ፣ አንዱን ከረጢት ለሁለት እየተሸከመ ወደ ብዙወርቅ ቤት ያስገባ ጀመር። መሬት ላይ አልጣሉትም፤ ነገ ንብረት አበላሹ እንዳይባሉ። ሰው ሁሉ አመድ መሰለ። አንዱ ሆ ሲል ሌላው ተቀበለ። በስምንት ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ መተባበር አልታየም፤ የሳቁም ነበሩ። ብዙወርቅ ባሏን በእርጥብ ጨርቅ እየዳበሰች ያን ሳቅ ሰማች፤ በአንድ ልቧ እየባረከቻቸው በሌላው ልትጮህባቸው ምንም አልቀራትም።

ግማሹ ሳይራገፍ ዝናብ መጣ። ሸራ ፍለጋ ተሯሯጡ፣ የረጠበውን ለዩ፣ የቀረውን ሸፈኑ። አንድ ሰዓት የተባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ገበየሁን ጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ ባለችው መኝታ አስተኙት። ብዙወርቅ ጭንቅላቱን ታቀፈች። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀውን፣ በዚያን ሰዓት ግን ማንም ያላሰበውን ነገር መንገዱ አስታወሳቸው፤ ጭነት የያዘ መኪና ረግቶ ይሄዳል፣ ባዶ መኪና ይዘላል። በየጉድጓዱ ሲነጥሩ የገበየሁ ራስ ከእጇ ያመልጥ ነበር። ቀስ በል ስትል ይዘገያል፤ ፍጠን ስትል ይነጥራል። ኢዘዲን እንባው እየወረደ ነዳ።

የአሶሳ ቆርቆሮ ጣሪያዎች መታየት ሲጀምሩ የገበየሁ እጅ ከበደባት። ኢዘዲንን አልነገረችውም። ሆስፒታል በር ድረስ በፍጥነት እንዲነዳ ተወችው፤ ምን ብላ ትነግረዋለች። የተቀበላቸው ሐኪም ጠዋት ቢመጣ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ የገበየሁን ዓይኖች ከደነ።

ለቅሶው በሲሚንቶ መሐል ሆነ። ቤቷ በከረጢት ተሞልቶ ስለነበር ለቀስተኛው ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው መጣ። ጥቁር ክራቫት አስሯል። እግዜር ያጽናሽ አለና ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በዚያው በለሆሳስ ድምፁ ተናገረ። የሆነው ሁሉ እንዳሳዘነው፣ ሾፌሮቹም እንደደከሙ ከፊታቸው እንደሚታይ፣ ከዚህ በኋላ ማንም ማንንም እንደማይወቅስ ነገራት። ቁልፎቹን ከሰጠችው ነገሩ እዚህ ያበቃል።

ሾፌሮቹ ሰሙ። ማንም አልተቃወመም። ብዙወርቅ ተራ በተራ አየቻቸው፤ ገሚሶቹ ስጪው እያሉ በዓይናቸው ሲለምኗት ገባት። ኢዘዲን መሬት መሬት ያያል። ጠላቻቸው፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ የደረቀ ሲሚንቶ ያልለቀቀውን የተላላጠ ጣታቸውን አይታ አዘነችላቸው።

ከአልጋዋ ሥር ቆርቆሮውን አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ኃላፊው እጁን ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ለባሌ ነፍስ ያልሰጠሁዎትን ቁልፍ» አለችው፣ «አሁን ለማን ብዬ ነው የምሰጥዎት?»

የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ውጭ የፒክአፑ ሞተር ሲነሳ ተሰማ። ብዙወርቅ ቆርቆሮውን እንደታቀፈች፣ አንድ ሰዓት ብቻ ብሏት የነበረውን ኢዘዲንን እያየች ተቀመጠች፤ እሱም እስኪመሽ ድረስ ቀና አላለም።