ከሀ ከተማ ወደ ለ ከተማ

እኔ ቁጡ ነኝ። ሰበታ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ተማሪዎቼ «በርበሬው» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ የማልሰማ እየመሰላቸው። ይሁን! ሰባ ጎረምሳ አንድ ክፍል ውስጥ አጉሮ ፍጥነት፣ ርቀትና ጊዜ የሚያስተምር ሰው ማር ሊሆን አይችልም።

የዛን ቀን ስምንተኛ ክፍል ስገባ ፀዲ አልወጣችም። ፀዲ ዓይነ ስውር ናት። በኛ ትምህርት ቤት ልማዱ እንዲህ ነበር፦ የሒሳብ ደወል ሲደወል ዓይነ ስውራኑ ተነስተው ይወጣሉ፣ ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ሒሳብ በሰሌዳ ነው፣ ሰሌዳ በዓይን ነው፣ አለቀ። ልማዱን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

«ፀዲ፣ ሒሳብ ነው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«እና?»

«ልማር ነዋ! ኮምፒውተር ማጥናት እፈልጋለሁ። ያለ ሒሳብ አይሆንም አሉኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ፤ በሷ ይሁን በሳቁ እንጃ። «ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩና «ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን ማን ያነብልሻል?» አልኳት።

«እኔ አነብላታለሁ ቲቸር! በሞቴ ትቀመጥ!» አለች ኤዶም። ኤዶም ከጎኗ የምትቀመጥ፣ አፏ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ልጅ ናት። አሁን ከሁለቱ ጋር ስጨቃጨቅ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ተውኳቸውና መጻፍ ጀመርኩ።

«አንድ መኪና ከሀ ከተማ ወደ ለ ከተማ ዳገቱን በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወጣ። በዚያው መንገድ ሲመለስ ቁልቁለቱን በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ወረደ። የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?»

ጠመኔዬን ሳላወርድ ክፍሉ «አርባ አምስት!» ብሎ ጮኸ። በየዓመቱ ይጮኻል። ሠላሳና ስልሳን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ማን ያቅተዋል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የኔዎቹ ግን ያፈሳሉ እንጂ አይለቅሙም።

«ከአርባ አምስት ያንሳል» አለች ፀዲ።

ዞር አልኩ። «ለምን?»

«ዳገቱ ላይ ብዙ ይቆያላ! ቁልቁለቱ ላይ ከሚቆየው ሁለት እጥፍ። ብዙ የቆየበት ፍጥነት ያመዝናል።» ትንሽ አሰበችና «አርባ ነው ቲቸር» አለች።

ክው አልኩ። አርባ ነው!

«ማን ነገረሽ?»

«እግሬ» አለች፤ ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ በዓይኔ አፈጠጥኩባቸው። «ጠዋት ስመጣ ዳገት ነው፣ ከሰዓት ስመለስ ቁልቁለት ነው። እናንተ መንገዱን ስለምታዩት አንድ መንገድ ነው የሚመስላችሁ። ለኔ ግን መንገድ ማለት የምቆይበት ጊዜ ነው። ጠዋት ይረዝማል፣ ከሰዓት ያጥራል።»

ጊዜ ማለት ርቀት ሲካፈል ለፍጥነት ነው እያልኩ ስንት ትውልድ አስተምሬያለሁ። ቀመሩን እጽፈዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ደግሞ እጽፈዋለሁ። ይቺ ልጅ ግን በየቀኑ ውስጡ ትመላለሳለች። ጸጉሬ ቆመ ብል ማጋነን አይደለም። እንደዛ ያለ ነገር ቅዳሴ ላይ ቆሜ ተሰምቶኝ ያውቃል፤ ክፍል ውስጥ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በቀረው ሰዓት ማንንም አልተቆጣሁም፤ ተማሪዎቹ አሞኛል ብለው ሳያወሩ አልቀሩም።

ወሬው ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። በማግስቱ እኔንም እሷንም ቢሯቸው አስጠሩን። ኦቦ ዲሪርሳ ከሱሉልታ እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ለልጅ የሚሳሱ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ከያዙ ግን አይለቁም።

«ሂንታኡ፣ አይሆንም ኪዳነወልድ» አሉኝ። «የፈተና ምዝገባ ደርሷል። ሒሳብ ትፈተናለች ብለን መዝግበናት ብትወድቅ፣ የቀረውን ውጤቷን ይዞባት ነው የሚወርደው። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ይፈረዳል?»

«አትወድቅም! ካልተመዘገበች ግን የምትመኘው ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተዘጋባት ማለት ነው» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ።

እሳቸው ወደ ፀዲ ዞሩ። «እንግዲያው እኔው ልጠይቅሽ። እሱ ከጠየቀሽ ቀላሉን ይመርጥልሻል። ከመለስሽ ትመዘገቢያለሽ። ካልመለስሽ እንደ ወትሮው ግቢ ውስጥ ትጠብቂያለሽ። ቶሌ?»

«ቶሌ፣ እሺ» አለች። በትሯን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

ኦቦ ዲሪርሳ ወደ ጣሪያው አንጋጠው አሰቡ። «ከሀ ከተማ እስከ ለ ከተማ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሹፌር ግማሹን መንገድ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄደ። የጠቅላላ ጉዞው አማካይ ፍጥነት ስልሳ እንዲሆንለት፣ ቀሪውን ግማሽ በስንት ይንዳ?»

በጥያቄያቸው ራሳቸው ተደሰቱበት። ሠላሳና ዘጠና ተደምሮ፣ ለሁለት ተካፍሎ፣ ስልሳ፤ «ዘጠና» የምትለዋ መልስ ፊታቸው ላይ ተጽፋ አየኋት። እኔ ግን ቀዝቃዛ ውሃ የደፉብኝ ያህል ደነገጥኩ። ጥያቄው መልስ የለውም!

«ኦቦ ዲሪርሳ፣ ይሄ ጥያቄ እኮ...»

«ዝም በል! አንተ አይደለህም የተጠየቅከው።»

ዘጠና ካለች እሳቸው ይቀበሏታል፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። መልስ የለውም ካለች ደግሞ አላወቀችም ብለው ያስወጧታል። ወይ አምላኬ! በዛች ደቂቃ፣ አስተማሪዋ ሆኜ፣ ዘጠና በይ ብዬ በልቤ ለመንኳት።

የፀዲ ሁለት ጣቶች ጉልበቷ ላይ መራመድ ጀመሩ። ሄደው ሄደው አንድ ቦታ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ተነሱ፤ እዛው ቦታ ላይ ቆሙ።

«ዘጠና ብል ደስ ይልዎታል አይደል?» አለች።

ኦቦ ዲሪርሳ ፈገግ አሉ። «በይዋ!»

«አልልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ሹፌር አይችልም።»

«ምን ማለት ነው አይችልም?»

«አማካዩ ስልሳ እንዲሆንለት መቶ ሃያውን ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት መጨረስ አለበት። እሱ ግን ስልሳውን ኪሎ ሜትር በሠላሳ እየሄደ ሁለቱንም ሰዓት ግማሽ መንገድ ላይ ጨርሷቸዋል። በዘጠና ቢነዳ፣ በሁለት መቶ ቢነዳ፣ ክንፍ አውጥቶ ቢበር እንኳን ያለፈውን ሰዓት ማን ይመልስለታል? መንገዱ ገና አለ፤ ሰዓቱ ግን አልቋል።»

መልስ እንደሌለው እኔ በቀመር ነው ያወቅኩት። እሷ ሹፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ሰዓቱ ሲያልቅበት አብራው ሆና ነው የመጣችው። እንባዬ መጣ፤ በርበሬው አለቀሰ እንዳይባል ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ኦቦ ዲሪርሳ ወረቀት ስበው ጻፉ። ሰረዙ፣ ደግመው ጻፉ። በመጨረሻ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «ዱጋ ኢሼቲ» አሉ፤ እውነቷን ነው። «መዝግባት።»

«አላልኩዎትም ነበር?» ልል አፌን ስከፍት ፊታቸውን አየሁና ተውኩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሩን ያዩ ነበር።

«ኪዳነወልድ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ስንቱን ልጅ ነው በሒሳብ ሰዓት ያስወጣነው?»

አላወቅኩም። ማንም ቆጥሮ አያውቅም። የአንዳንዶቹ ስም ትዝ አለኝ፤ ዛሬ የት እንዳሉ ግን እንጃ።

ደወል ተደወለ። ፀዲ ተነስታ በሩን በበትሯ ፈለገች።

«ቲቸር፣ ሒሳብ ነው» አለችኝ። «አይገቡም እንዴ?»