የእማማ ወለተሩፋኤል ዝምታ

ሪሃና ከጎንደር አራዳ ጨርቅ ነጋዴዎች ቤት ወጥታ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ፎቶ የሚያነሳው የኤም አር አይ ማሽን ባለሙያ የሆነች እልኸኛ ልጅ ናት። «የልብ ሥር ፎቶ ጎንደር ላይ አይሆንም» ሲሏት ያንገበግባታል። ይህን የሚላት ደግሞ የልብ ሐኪሙ ዶክተር ኢዮስያስ ነው። በዚያ የ2009 ዓ.ም. የጥቅምት ማለዳም «የእማማ ፎቶ ዛሬም ከደበዘዘ አዲስ አበባ እንልካቸዋለን» አላት።

ታካሚዋ እማማ ወለተሩፋኤል ግን ከዳባት ጎንደር የመጡትም በስንት ልመና ነው። አዲስ አበባ ሲባሉ «ምነው፣ ዳባት የቀብር ቦታ ጠፋ?» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ፎቶው ካልወጣ፣ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን የሚጨመድዳቸው ነገር ሳይታወቅ አገራቸው ሊመለሱ ነው።

ፎቶውን የሚያበላሸው ትንፋሽ ነው። ሰው ሲተነፍስ ልቡም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቀጫጭኖቹ የልብ ሥሮችም ይደበዝዛሉ። ሪሃና ማሽኑ ውስጥ ለተኙት እማማ በጆሮ ማዳመጫው «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» ትላለች። እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ እግዜር ያክብርሽ» ይላሉ፤ ያዙ የተባሉት ትንፋሽ ከምርቃቱ ጋር ይወጣል። ደግማ ብትነግራቸው ደግመው መረቋት። ጨዋ ሰው እያናገሩት እንዴት ዝም ይላል።

ዶክተሩ ከመስታወቱ ጀርባ ሳቁን ዋጠ። ሪሃና አልሳቀችም፤ ጥፋቱ የሴትዮዋ ሳይሆን የትእዛዙ እንደሆነ ገባት። ማሽኑ ያለበት ክፍል ገብታ አልጋውን ከማሽኑ አወጣችው። ልብስ ሲቀይሩ የፈቱትን ረጅም መቀነት አነሳችና ሆዳቸው ላይ ጠበቅ አድርጋ ጠመጠመችው፤ ሆድ ከታሰረ ትንፋሽ ልብን ብዙ አይጎትትም።

«ከእንግዲህ ምንም አላዝዎትም፤ እንዳሻዎ ይተንፍሱ። ገብቼ እጅዎን እስክይዝ ግን ማንም ቢጠራዎት አይመልሱ።»

«ዝም ማለት ነውር አይደል?»

«ዛሬ ነውሩ በኔ ይሁን።»

ማሽኑንም ትንፋሻቸው ወጥቶ ደረታቸው ጋብ ሲል ብቻ እንዲያነሳ፣ ሌላውን ሁሉ እንዲጥል አደረገችው። ሥራው ረዘመ። ዶክተሩ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ስክሪኑን። ቀስ በቀስ ሥሮቹ በእርሳስ እንደተሰመሩ ጠርተው ወጡ፤ አንደኛው መሐሉ ላይ ትንሽ ጠቧል።

«ይኸው ምክንያቱ» አለ ዶክተር ኢዮስያስ። «ይኼ በመድኃኒት የሚያዝ ነው፤ እዚሁ እጀምርላቸዋለሁ። አይሆንም ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ሪሃና።»

ሪሃና ኮራች፤ ኩራቷንም አልደበቀችም። በማይክራፎኑ «አለቀ እማማ» አለች። መልስ የለም። «እማማ?» አሁንም ዝም። ክው ብላ ሮጣ ገባችና እጃቸውን ያዘች።

እማማ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «አሁን መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያ ያጠራቀምኩልሽን ተቀበይ፤ እጅሽ ይባረክ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ...» ከአልጋው ሳይወርዱ ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። ሪሃና መዳፎቿን ዘርግታ «አሚን» ትላለች፤ ዶክተሩም በሩ ላይ ቆሞ «አሜን» አለ።