እስከ እንጨቱ

አሮጌ ሶፋ አዲስ ልብስ በማልበስ የሷን ያህል የተካነ ሰው ገና አልተወለደም። ግማሽ ኪሎ ምስማር አፏ ውስጥ አጭቃ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፣ ትስቃለች፣ ሰው ታማለች፤ አንዲት ምስማር አታመልጣትም። መንደሩም «ምስማር» አላት። መዶሻዋ ሲያርፍ የማዶው ሰፈር ሕፃን ከእንቅልፉ ይባንናል።

ደንበኛ «ወጪው እንዲቀለኝ ላዩ ላይ ደርቢልኝ» ካላት ታብዳለች። «ድሪቶ አልሠራም! እስከ እንጨቱ ነው የምገፈው። ከሥር ምን እንደበሰበሰ በምን ታውቃለህ?»

በወጣትነቷ የወር አበባዋ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሐኪም «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚሉት የሆርሞን መዛባት ነው፤ መድኃኒቱንም ክትትሉንም እንዳታቋርጪ» ብሏት ነበር። ልጅ እንቢ ሲላት ኪኒኑን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። ጎረቤቶቿንም «እናንተ በየወሩ ግብራችሁን ክፈሉ፤ እኔ ምሕረት ተደርጎልኛል» እያለች ታበሽቃቸዋለች።

አርባዎቹን አጋምሳ ሳለ፣ ለዓመታት ጠፍቶ የኖረው ደም መጣ። መጥቶም አልሄድ አለ።

የጭነት መኪና ሹፌር ባሏ ስትነግረው ከወንበሩ ዘለለ፤ ጣራው ባይዘው ደመና ውስጥ ይገባ ነበር።

«አላልኩሽም? ሞተሩ ተነሳ! ልጅ ሊመጣ መንገዱን እያስጠረገ ነው!»

«ዝም በል፣ አንተ ሽማግሌ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ያረገዝሽ ዕለት ከተማውን በክላክስ ነው የማደነቁረው!»

ተቆጣችው እንጂ የሷ ልብ ከሱ ብሶ ነበር። ሐኪም ደሙን እንዳያስቆምባት ብላ ወራት ዝም አለች። አንድ ቀን መዶሻው ከእጇ አመለጠ፤ እሷም ከጎኑ ወደቀች። ባሏ መውደቋንም የእርግዝና ምልክት አደረገው።

ሆስፒታል የተቀበለቻት ሐኪም ከማህፀኗ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲደርስ አስጠራቻት።

«መድኃኒቱን ለምን ተውሽው፣ እህቴ?»

«ልጅ ካልሰጠኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

«ለልጅ ብቻ አልነበረም። የማህፀንሽ የውስጥ ሽፋን ጊዜውን ጠብቆ መውረድ ነበረበት። ሳይወርድ ስንት ዓመት ሲደራረብ…»

«አሮጌው ሳይነሳ ላዩ ላይ» አለች ምስማር ቀስ ብላ። «እንጨቱስ?»

ሐኪሟ አልገባትም። «ካንሰር ነው። ማህፀንሽ መውጣት አለበት። ስኳርሽም ከፍ ብሏል፤ እሱንም እናክማለን።»

«ልጅስ?»

ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

ባሏ ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ደስታ ከጎማዎቹ አብልጦ ነፍቶታል።

«እህሳ! ስንት ወር ነው?»

ግማሽ ኪሎ ምስማር ይዞ የሚለፈልፈው አፏ ዛሬ ባዶ ነበር፤ ቃል ግን አልወጣው አለ። ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። በሩን ዘጋች።

«እጅህን ከክላክሱ ላይ አንሳ» አለችው።