ብረቱ ምን አለ?

በጋራዡ ሰፈር ትክክለኛ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚለው። መኪናው ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ ድምፁን ሰምቶ «ይኼ የኋላ ግራ እግሩን ያመዋል» የሚል ሰው ሌላ ምን ተብሎ ይጠራል? በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዳምጠው። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ይስቁበታል፤ መኪናው ሲፈታ ግን ሳቃቸውን ዋጥ ያደርጉታል።

አንድ ልማድ ነበረው። ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ በትንሿ መዶሻ አናቱን ኳ ያደርገዋል። በደንብ የያዘ ብሎን ይጮኻል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ርቆ ይሄዳል። ያልያዘው ደግሞ እርጥብ እንጨት የተመታ ይመስል ድፍን ይላል። ጆሮ በመዶሻው ሳይጠይቅ ያስረከበው መኪና የለም።

ችግሩ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ጆሮ አይሰማም።

ድንገት የመጣ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የሄዱት ወፎቹ ናቸው። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ሲንጫጩ ያያቸዋል፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። ቀጥሎ ዝናቡ ሄደ። ከዚያ የሰው ንግግር ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ሆነ። ለማንም አልተናገረም። የሰው ከንፈር ማየት ለመደ፣ ነገር ሲያመልጠው ፈገግ ማለት ለመደ። መዶሻዋን ግን አልተዋትም። ኳ ያደርጋል፣ የሰማ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ክንዴ ያውቀዋል» እያለ ራሱን ያጽናናል። ማታ ተንበርክኮ ሲጸልይ ስለ ሁሉም ነገር ያወራና ይቺን ብቻ ዘሏት ያልፋል፤ ፈጣሪም እንደሱ የማይሰማ ይመስል።

እንዲህ እያለ ነው ታናሽ እህቱ ያንን ፓራውልት ጭና የመጣችው።

እህቱ አዋላጅ ናት። ተራራው ላይ ያሉትን መንደሮች የምታዳርሰው ጣሪያው በተላላጠ፣ ጎማው ረጅም በሆነ አሮጌ የገጠር መኪና ነው፤ የምትነዳውም ራሷ ናት። ዝናብ ሲጥል ዳገቱ ሳሙና ይሆናል። መኪናው ከሰጠመ የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ እስኪገፋው መጠበቅ ነው። በቀደም አንዷ እናት እዚያው ጭቃው መሃል፣ መኪናው ውስጥ ወለደች። በዚያው ጉዞ የፊት ፓራውልቱ፣ ግጭት የሚመክተው ብረት፣ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ እንደ ወረቀት ተጨማደደ። እሷም ነገሩን አስባበት፣ ከወፍራም ብረት ተቆርጦ የተሠራ፣ መሃሉ ላይ ሽቦ እየጠቀለለ የሚጎትት ዊንች የተቀመጠበት ጥቁር ፓራውልት ገዛች። ከእንግዲህ መኪናው ሲሰጥም የዊንቹን የሽቦ ገመድ ከላይ ካለ ዛፍ ጋር አስራ ራሱን በራሱ እንዲጎትት ነው ሐሳቧ።

«ጋሼ፣ ነገ በጠዋት እወጣለሁ» አለች፣ ከመኪናው ገና ሳትወርድ። «ላይኛው መንደር መንታ ያረገዘች ልጅ አለች። ምጡ ሳይመጣባት ላወርዳት ነው።»

«ቆይ፣ ይኼ ፓራውልት ነው ወይስ የድልድይ ምሰሶ?» አለች የጆሮ ሚስት፣ የብየዳ መከላከያዋን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። የጋራዡ በያጅ እሷ ናት፤ እሳቷም ምላሷም ቀረብ አያስብሉም።

«ከበደሽ እንዴ እትዬ?»

«ምን ይከብደኛል! ወንድምሽን ተሸክሜ የኖርኩ ሴት።»

ጆሮ ከንፈሮቻቸውን እያየ ሳቀ። ሆዱ ግን አልሳቀም። የሌላው መኪና ፓራውልት ቢላላ ይንኳኳል፣ ይመለሳል፣ ይጠብቃል። ይኼኛው ዳገት ላይ መኪናውን ሙሉ፣ ከነነፍሰ ጡሯ፣ ከነእህቱ ይሸከማል። እዚያ ከለቀቀ ከኋላ ያለው ገደል ነው።

ሥራው ተጀመረ። የተጨማደደውን አውልቀው ጣሉት። አዲሱ ግን ለሌላ መኪና የተለካ ይመስል ቀዳዳዎቹ የመኪናው አጽም ከሆነው ከሻንሲው ቀዳዳዎች ጋር አልገጥም አሉ። ሚስቱ ማያያዣዎቹን ቆርጣ እንደገና በየደች፤ እሱ በትራፓኖ በሳ፤ ፓራውልቱን ሦስት ሆነው በክሪክ ደግፈው አነሡት። ከዚያ ሚስቱ የዊንቹን መከለያ ልትበይድ ወደ ጥግዋ ሄደች፣ እሱም ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ እያለ ማሰሩን ያዘ።

ልጆች ሳሉ ጆሮ ጆሮውን ከምሶሶ፣ ከእንስራ፣ ከዛፍ ግንድ ላይ እየለጠፈ ነገሮቹ ምን እንዳሉ ለእህቱ ይነግራት ነበር፤ እሷም ታምነው ነበር። አሁንም መዶሻው ኳ ባለ ቁጥር አጠገቡ ቆማ፣ እንደ ልጅነቷ ትጠይቀዋለች።

«ምን አለ?»

«አለሁ አለ።»

ኳ።

«ይኼስ ምን አለ?»

«እሱም አለሁ አለ።»

የመጨረሻዎቹን የግራ ብሎኖች ሊያስር መኪናው ሥር ገባ። ከዚያ የሚያየው ጫማዋን ብቻ ነው። አጠበቀ። ኳ አደረገ። እንደተለመደው ትጠይቃለች ብሎ ትንሽ ጠበቀና «አለሁ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። ከዚያ የእህቱ ፊት በጎማው በኩል ተዘቅዝቆ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩህም። ያልኩት ይኼኛው ድምፁ ተለየብኝ ነው። ድፍን ያለ አልመሰለህም?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ራሷ ሳቀች። «እኔ ደግሞ! ለጆሮ ጆሮ ላበድር? አንተ አለሁ አለ ካልክ፣ አለ ነው።»

ብላው ልትታጠብ ሄደች።

ጆሮ ጀርባው ሲሚንቶው ላይ እንደተጣበቀ ቀረ። ብትጠራጠረው በተሻለው ነበር። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አግብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው፤ ንቅንቅ አላለም፣ ጠብቋል። በመዶሻው መታው፤ መዶሻው መንጠሩን እጁ አወቀ እንጂ ድምፅ የለም። ደግሞ መታው። ዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘሎ ያለፋትን ነገር አነሣት፤ «ጌታዬ፣ ስለ እኔ አይደለም። እኔስ ዝም ብዬ እኖራለሁ። ስለዚያች ነፍሰ ጡር ልጅ ነው» አለ፤ ጮክ ብሎ ይበል በልቡ፣ አላወቀውም።

ብሎኑን ፈትቶ ሊያየው ወሰነ። በግራ እጁ መብራቱን፣ በቀኙ መዶሻውን ይዟል። ሮንዴላውን የሚፈነቅልበትን ረጅም ካቻቢቴ የሚያኖርበት ቢያጣ፣ መካኒክ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እጀታውን በጥርሱ ነከሰው። ብርሃኑን ሊያስተካክል ቀና ሲል የካቻቢቴው ጫፍ ከላዩ ያለውን ሻንሲ ነካ። በዚያው ቅጽበት መዶሻው እጁ ላይ ተንሸራቶ ብረቱን ኳ አደረገው።

ሰማው።

በጆሮው አልነበረም። ድምፁ በጥርሱ ገባ፣ በመንጋጋው ወጣ፣ የራስ ቅሉን ቤት አደረገው። ጆሮ ትንፋሹን ዋጠ። እንዳይሄድበት ፈርቶ ጥርሱን ሳያላላ ቆየ። ዝምታው ውስጥ ሌላ ነገር መጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ራዲያተሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ሚስቱ ከጥግዋ ተመልሳ ልትደገፍ እጇን ኮፈኑ ላይ ስታሳርፍ የእጇ ክብደት ብረት ለብረት ተላልፎ እሱ ዘንድ ደረሰ። የገዛ ልቡ ምት እንኳ ወደ ብረቱ ወጥቶ ይመለስለታል። ሙሉ ጆሮ በነበረው ዘመን ይኼን ያህል ሰምቶ አያውቅም፤ ያኔ ከበር ላይ ሆኖ ያዳምጥ ነበር፣ አሁን ቤቱ ውስጥ ገብቷል። እንባው በጉንጩ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ፈሰሰ።

ከዚያ ሥራው ትዝ አለው። እየተሳበ በቀኝ በኩል ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ መታ። እያንዳንዱ ይጮኽና ድምፁ በሻንሲው ርዝመት እስከ ኋላ ሄዶ፣ እዚያ ዞሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ እንኳ ይሰማዋል። ወደ ግራው የመጨረሻ ብሎን መጣ። መታው። ድምፁ ተነሣ፣ መንገድ ጀመረ፣ ከዚያ እግሩን እንደተያዘ ሰው ቀጥ አለ። ደግሞ መታው፤ እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ አለ።

ብሎኑ ጤነኛ ነው። ታማሚው ብሎኑ የታሰረበት ነው።

ተንሸራቶ ወጣ። ሚስቱ ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ምን ሆንክ? ዘይት ዓይንህ ገባ?»

«ፓራውልቱን እናውልቀው። ሻንሲው ተሰንጥቋል።»

«አለሁ አለ አላልከኝም?» አለች እህቱ፣ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ።

«ዋሸሁሽ። አልሰማሁትም። ከክረምት ጀምሮ ምንም አልሰማም።»

እህቱ አፏን በእርጥብ እጇ ያዘች። ሚስቱ ግን መከላከያዋን ከግንባሯ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከንፈሯን እንዲያይ ፊቱ ድረስ ቀረበች።

«እኔ አላወቅኩም ብለህ ነው? ይኼን ሁሉ ጊዜ ስጮኽብህ ከርሜ፣ አንተ ለጎረቤት ‹ሚስቴ ጠባይዋ ተሻሻለ› እያልክ ስታወራ! በየማታው ያሰርከውን ሁሉ በቁልፍ እየዞረ የሚያየው ማን መሰለህ?»

«እና... አልጠበቀም የሚባል አገኘሽ?»

«አንድም። ክንድህ አልዋሸም። አንተ ነህ የዋሸኸው። አሁን ና፣ እንፍታ።»

ፈቱት። ማያያዣው የነበረበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፋቀችው፤ ንጹሕ ብረት ነው። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ምንም የለም።

«የለም እኮ» አለች። ወደ እሱ የዞረችው ቀስ ብላ፣ ማዘኗን ከፊቷ አጥፍታ ነው፤ ስታሾፍበት እንጂ ስታዝንለት አይወድም።

«አለ። ናፍጣ አምጪ፣ ጠመኔም።»

ብረቱን ናፍጣ አጠጡት፣ ጠጥቶ እስኪበቃው ታገሡት፣ ከዚያ ጥርግ አድርገው አድርቀው ላዩን በጠመኔ ነጭ አደረጉት። ሦስቱም ተደፍተው ይጠብቁ ጀመር። ነጩ ነጭ እንደሆነ ቆየ። እህቱ ሰዓቷን ልታይ እጇን አነሣች፣ ተወችው። እንደገና ስትመለከት ከብሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጥታለች። ነጥቧ ረዘመች። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ናፍጣ ተመልሶ እየወጣ፣ ጠመኔውን እያጠቆረ፣ ፀጉር የምታህል መስመር ቀስ እያለች በዓይናቸው ፊት ተጻፈች፤ ከቀዳዳው ተነሥታ የሻንሲውን ጎን ለሁለት ልትከፍለው ትንሽ ቀርቷታል።

ሚስቱ አማተበች።

«በቀደም ያ ቋጥኝ» አለች እህቱ በመጨረሻ። «ነገ ዳገቱ ላይ ይኼ...»

በያጇ ስንጥቁን እስከ ሥሩ ፈልፍላ በየደችው፤ ከላዩም ወፍራም ላሜራ ደረበችበት። ሲቀዘቅዝ ፓራውልቱን መልሰው አሰሩ። ጆሮ ካቻቢቴውን ነክሶ መታ፤ የግራውም ድምፅ እስከ ኋላ ሄዶ ዞሮ መጣ። ራሱን ነቀነቀ። በዚህኛው መነቅነቅ አላፈረም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መኪናውን ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ቀጥ ያለ ዳገት ወሰዱት። ሽቦውን ከላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ጋር አሰሩ። ሚስቱ ርቃ፣ ወደ ጎን ቆመች። እህቱ መሪው ላይ፣ ጆሮ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ምንጣፉን ገልጦ የካቻቢቴውን ጫፍ የመኪናው ወለል ብረት ላይ ተከለና ጎንበስ ብሎ እጀታውን ነከሰ። እህቱ ሞተሩን በዝግታ አስነሥታ፣ ማርሹን ነፃ አውጥታ፣ ፍሬኑን ለቀቀች። የዊንቹን መቆጣጠሪያ ተጫነች።

ሽቦው ተወጠረ። የመኪናው አፍንጫ ዝቅ አለ። ጆሮ ክብደቱ ሲመጣ ሰማው፤ ከሽቦው ወደ ፓራውልቱ፣ ከፓራውልቱ ወደ ብሎኖቹ፣ ከዚያ ወደ ሻንሲው፣ ልክ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ እንደሚያሳልፈው። አንድ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ ከሥር ተነሥቶ ሁሉንም ብረት ያዘው፤ ሳይሰበር፣ ሳይንቀጠቀጥ። ጎማዎቹ ተንቀሳቀሱ። ያ ሁሉ ክብደት ሰው እጁን ሳይጨምርበት ዳገቱን ወጣ።

እህቱ ዞራ አየችው። ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ድሮ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ እንደነበረው። እጁን ነካ አድርጋ ዓይኑን እስኪገልጥ ጠበቀች።

«ምን አለ?»

ጆሮ በመመለስ ፈንታ እጀታውን በሸሚዙ ጠርጎ ካቻቢቴውን ሰጣት። እሷም አንዴ እሱን፣ አንዴ ካቻቢቴውን አይታ፣ እንደ ልጅነቷ ሳትከራከር ጎንበስ ብላ ነከሰችው፤ በአንድ እጇም ጆሮዋን ደፈነች። እሱ ሌላኛውን ደፈነላት፤ ሽቦው መኪናውን እንደያዘ፣ ብረቱም እንደጮኸ ነው።

ዓይኗ ቀስ በቀስ ፈጠጠ። ከዚያ በእንባ ሞላ።

«ኧረ ያዘ ወይ? ተናገሩ እንጂ!» ትላለች ሚስቱ ከውጭ። የሚመልስላት ስታጣ ወገቧን ያዘች። «እናንተ ሰዎች፣ ሁለታችሁም ደነቆራችሁ እንዴ?»