የቀለለው ትንፋሽ

«ኧረ ሲስተር፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አድርጊለት እንጂ!»

አለች የታማሚው ልጅ። ነርሷ የአዲሱን የጋዝ ሲሊንደር ቱቦ ወደ ኦክስጅን መለኪያው አስጠግታ ቁጥሩን ታያለች። አልጋው ላይ ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ጉሮሯቸው አካባቢ የወጣው እብጠት የአየር ቧንቧቸውን አጥብቦት ትንፋሻቸው እስከ ኮሪደሩ ድረስ ያፏጫል። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ሐኪሙ ያዘዘላቸው ኦክስጅን ከሂሊየም ጋር የተቀላቀለበት ጋዝ ነው። ሂሊየም ፊኛ የሚሞላበት ቀላል ጋዝ ስለሆነ በጠባብ መንገድ በቀላሉ ያልፋል።

ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሃያ በመቶ ኦክስጅን ይላል። መለኪያው ግን ስምንት ላይ ቆመ። ነርሷ ወደ ክፍሉ አየር አዞረችው፤ ሃያ አንድ አለ፣ የተለመደው የአየር ልክ። ችግሩ የመለኪያው አይደለም።

«ይሄንን አልሰጣቸውም» አለች።

«እየታፈነ እኮ ነው!» ልጃቸው እንባዋ መጣ።

«አየሁ፣ እህቴ። ይሄ ግን ጭራሽ ራሳቸውን ያስታቸዋል። በቂ ኦክስጅን የለውም።»

ቀድሞ የተደረገላቸውን የኦክስጅን ጭንብል አስተካከለችላቸው፤ ሲሊንደሩን ዘግታ «አትንኩ» ብላ ጻፈችበት። የተጠራው ሐኪም ቁጥሩን አይቶ ሌላ ሲሊንደር ራሱ እየገፋ አመጣ። እሱም ተለካ፤ ሃያ። ለኦክስጅን የተሠራው የፍሰት መቆጣጠሪያ ይህን ጋዝ አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱ አብረው ትክክለኛውን መጠን አስልተው በጭንብሉ ከፈቱላቸው። ቁጥሩን እየተከታተሉ እንዲቆዩም መለኪያውን ከቱቦው አልነቀሉትም።

ፉጨቱ ቀስ በቀስ ረገበ። የሽማግሌው ትከሻ ወረደ።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ቀለል አለኝ» አሉ። የወጣው ድምፅ ግን የጫጩት ነበር። ልጃቸው ሳቋን ለመደበቅ አፏን በእጇ ከደነች፤ እሳቸው ደንግጠው ነርሷን አዩ።

«ጋዙ ነው፣ አባባ። ሲቋረጥ ድምፅዎ ይመለሳል።»

በዚህ መሐል የልጃቸው ስልክ ጠራ። ከሌላ ከተማ የሚደውሉት ባለቤታቸው ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ወደ ጭንብሉ ሰደዱ። በአንድ ቃል የትምህርት ቤቱን ግቢ ጸጥ ሲያሰኙ የኖሩ ሰው፣ እንዲህ ሆነው ለሚስታቸው መሰማት አልፈለጉም።

«አያውልቁት» አለች ነርሷ። «ከፈለጉ ልጅዎ ታናግራቸው።»

ልጃቸው «ደህና ነው፣ እማዬ» ስትል ከወዲያ «ታዲያ ለምን አያናግረኝም?» የሚል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው እጃቸውን ከጭንብሉ አንስተው ወደ ስልኩ ዘረጉ።

«እኔው ነኝ» አሉ በዚያው ቀጭን ድምፅ። «ሳቂብኝ፣ ግድ የለም።»